ፍሬድሪክ ሣልሳዊ፤ የ99 ቀን ንጉሠ ነገሥት

የታላቅ ሰው ታሪክ ጻፉ ስንባል ብዙዎቻችን የምንመርጠው ድል ያደረገውን፣ አገር ያቀናውን ወይም አዲስ ነገር የፈለሰፈውን ሰው ነው። እኔ ግን የመረጥሁት አልጋ ወራሽ ሆነው 27 ዓመት ከጠበቁ በኋላ በነገሡ በ99 ቀን የሞቱትን የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ሣልሳዊን ነው። ምክንያቴን ልናገር። እኒህ ሰው የሞቱት በጉሮሮ ነቀርሳ፣ ማለት ዛሬ ካንሰር በምንለው በሽታ ነው። ከመሞታቸው ከአንድ ዓመት በፊት ከጉሮሯቸው የተቆረጠውን ሥጋ በጊዜው በዚህ ጥበብ ከሁሉ ይበልጥ የተመሰከረላቸው ሊቅ በማይክሮስኮፕ ተመልክተው ነቀርሳ አላገኙበትም። ይህን ካነበብሁ ጀምሮ ነገሩ ከአሳቤ አልወጣ ብሎኛል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፍሬድሪክ በኦክቶበር 18 ቀን 1831 ከበርሊን አጠገብ ባለችው በፖትስዳም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ልዑል ዊልሄልም ከሁሉ አስቀድመው ወታደር ነበሩ። እናታቸው አውጉስታ ግን የቫይማር መስፍን ልጅ ስለ ነበሩ መጽሐፍና ሙዚቃ በሚወደድበት ቤት ያደጉ ናቸው። ስለዚህ ልጁ የወታደር ትምህርት ብቻ ተምረው አልቀሩም፤ ወደ ቦን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሕግና ታሪክ ተማሩ። ከዚያ በፊት ከፕሩስያ ነገሥታት ወገን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረ አልጋ ወራሽ አልነበረም።

በ1851 በሎንዶን ታላቁ ኤግዚቢሽን በተከፈተ ጊዜ ፍሬድሪክ ከወላጆቻቸው ጋራ ሄደው የእንግሊዝን ንግሥት የቪክቶሪያን የበኩር ልጅ አዩ። ልጅቱም ስሟ እንደ እናቷ ቪክቶሪያ ሲሆን ያን ጊዜ ገና የ10 ዓመት ልጅ ነበረች። ከ4 ዓመት በኋላ በስኮትላንድ በባልሞራል ቤተ መንግሥት ተጫጩ፤ በጃንዋሪ 25 ቀን 1858 በሎንዶን ተጋቡ። የነገሥታት ጋብቻ አብዛኛውን ጊዜ የመንግሥታት ውል ነው። ይህኛውም ውል አልነበረም ለማለት አልችልም፤ ነገር ግን ባልና ሚስቱ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ እንደ ተዋደዱ ወዳጅም ጠላትም ይመሰክራል።

8 ልጆች ተወለዱላቸው። የመጀመሪያው ዊልሄልም በ1859 ሲወለድ ምጡ ከብዶ ግራ ክንዱ ስለ ተጎዳ ዕድሜ ልኩን ሰንካላ ሆኖ ቀረ። ሲጊስሙንድ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ1866 ሲሞት አባቱ ከኦስትሪያ ጋራ ለሚደረገው ጦርነት ሠራዊት ይዘው ወጥተው ነበርና ከአልጋው አጠገብ አልነበሩም። ዋልደማር የተባለው ደግሞ በ11 ዓመቱ በ1879 በዲፍቴርያ ሞተ። ዲፍቴርያ ጉሮሮን ዘግቶ ትንፋሽ የሚያሳጣ በሽታ ነው። አባትየው በራሳቸው ጉሮሮ ሲታመሙ ይህን ልጃቸውን ሳያስቡ የዋሉበት ቀን ይኖራል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

አባታቸው በ1861 የፕሩስያ ንጉሥ በሆኑ ጊዜ ፍሬድሪክ አልጋ ወራሽ ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት ንጉሡ ቢስማርክን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው ሾሙ። ቢስማርክ መንግሥት በብረትና በደም ይጸናል የሚል ሰው ነበር፤ ፍሬድሪክና ሚስታቸው ግን እንደ እንግሊዝ አገር ሕዝቡ በመረጣቸው እንደራሴዎች በኩል ቃሉ እንዲሰማ ይፈልጉ ነበር። በ1863 ቢስማርክ ጋዜጦችን ዝም የሚያሰኝ ደንብ ባወጣ ጊዜ አልጋ ወራሹ በዳንትሲግ ከተማ በሕዝብ ፊት ቆመው በዚህ ደንብ እጃቸው እንደሌለበት ተናገሩ። ንጉሡ ክፉኛ ተቆጡ። ከዚያ በኋላ ልጃቸው ከመንግሥት ምክር ራቁ፤ መጠበቅ ብቻ ሥራቸው ሆነ።

ጦርነት ሲሆን ግን ይፈለጉ ነበር። በጁላይ 3 ቀን 1866 በኬኒግግሬትስ የፕሩስያና የኦስትሪያ ሠራዊት በተጋጠሙ ጊዜ የፍሬድሪክ ጦር በጭቃ መንገድ ተጉዞ ከቀትር በኋላ ስለ ደረሰ ድሉ የፕሩስያ ሆነ። በ1870 ከፈረንሳይ ጋራ በተደረገው ጦርነትም በቨርትና በሴዳን አሸነፉ። በጃንዋሪ 18 ቀን 1871 በቬርሳይ አዳራሽ አባታቸው የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲታወጅ እሳቸው በአጠገባቸው ቆመው ነበር። ረዥም፣ ባለ ሙሉ ጢም፣ መልከ መልካም ሰው ነበሩ። ወታደሮቻቸው የሚያስታውሷቸው ከአፋቸው በማትለየው ፒፓ ነው። ስለዚህች ፒፓ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ 16 ዓመት የሚያህል ጊዜ አለፈ። ሽማግሌው ንጉሠ ነገሥት አልሞቱም፤ ቢስማርክም አልተነሣም። አልጋ ወራሹ ቤተ መዘክር ይጎበኛሉ፣ ሰልፍ ይመለከታሉ። በ1880 በአይሁድ ላይ ጥላቻ በተነሣ ጊዜ ጥላቻውን እንደሚቃወሙ ለማሳየት የጦር ልብሳቸውን ለብሰው በበርሊን የአይሁድ ምኵራብ በጸሎት ላይ ተገኙ። በቀረው ግን ዕድሜያቸው በመጠበቅ አለቀ ማለት ይቻላል።

በጃንዋሪ 1887 ድምፃቸው ጎረነነ። ጉንፋን ነው ተባለ፤ ግን ሳምንታት አልፈው አልለቀቀም። በማርች 6 ቀን የበርሊኑ ፕሮፌሰር ገርሃርት ጉሮሯቸውን በመስተዋት ተመለከቱ። ይህ መስተዋት በ1855 ማኑኤል ጋርሲያ የተባሉ የስፔን ተወላጅ የዘፈን አስተማሪ ለሊቃውንት የገለጡት ዘዴ ነው፤ ትንሽ መስተዋት በረዥም እጀታ ወደ ጉሮሮ ገብታ ብርሃን ሲበራባት ማንቁርትንና ሁለቱን የድምፅ አውታሮች ታሳያለች። ሐኪም ሳይሆን ዘፋኝ ይህን ማግኘቱ ያስደንቀኛል። ፕሮፌሰሩ በግራው የድምፅ አውታር ላይ ትንሽ እባጭ አገኙ። በሽቦ ሊቆርጡት ሞከሩ፤ አልሆነም። ከዚያ በኋላ በኤሌክትሪክ በጋለ ሽቦ ብዙ ቀን እየደጋገሙ አቃጠሉት። ታማሚው ያለ ቅሬታ ቻሉት። በአፕሪል ወደ ኤምስ ጠበል ተላኩ፤ በሜይ ወር አጋማሽ ሲመለሱ እባጩ አድጎ ተገኘ።

አሁን የቀዶ ጥገናው ሊቅ ፕሮፌሰር ፎን ቤርግማን ተጠሩ። እሳቸውም ይህ ነቀርሳ ይመስላል፤ ስለዚህ ማንቁርቱ ከውጭ ተከፍቶ እባጩ ይውጣ አሉ። ቀኑም ለሜይ 21 ጧት ተቆረጠ። በዚያን ዘመን የጉሮሮ ቀዶ ጥገና ምን እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ለነቀርሳ ብለው ማንቁርትን በሙሉ አውጥተው በሽተኛውን በሕይወት ያተረፉት የቪየናው ቢልሮት ሲሆኑ ያም በ1873 መጨረሻ ነበረ። በሽተኛውም በሽታው ተመልሶበት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ቤርግማን ያሰቡት ከዚያ የቀለለ ነበር፤ ቢሆንም የአልጋ ወራሽን ጉሮሮ በቢላዋ መክፈት ቀላል ነገር አይደለም፤ ድምፃቸውም እንደ ቀድሞው እንደሚሆን ማንም ማረጋገጥ አይችልም።

ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት ሌላ ሐኪም ይይ ተባለና ከሎንዶን ሞሬል ማኬንዚ ተጠሩ። ማኬንዚ በ1863 በሎንዶን የጉሮሮ ሆስፒታል ያቋቋሙ፣ በእጃቸው ቅልጥፍና የታወቁ ሰው ነበሩ። በሜይ 20 ማታ ደረሱ፤ ጉሮሮውንም ተመልክተው ሥጋው በማይክሮስኮፕ ሳይመረመር ነቀርሳ ነው ተብሎ ሰው አይቆረጥም አሉ። ይህ አነጋገር ዛሬ በየሆስፒታሉ ሕግ ነው። ስለ ማኬንዚ ብዙ ክፉ ነገር ተጽፏል፤ በዚህች ነገር ግን ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ።

ተዘጋጅቶ የነበረው ቢላዋ ተመለሰ። ማኬንዚም በሜይ 21 በረዥም መቆንጠጫ ከእባጩ ትንሽ ሥጋ ቆርጠው አወጡ። ሥጋውም ወደ ሩዶልፍ ፊርኾ ተላከ።

ስለ ፊርኾ ጥቂት ልበል። በ1858 ባሳተሙት መጽሐፍ በሽታ ሁሉ መነሻው በሕዋስ ላይ የሚደርስ ለውጥ እንደ ሆነ፣ ሕዋስም ከሕዋስ እንጂ ከሌላ እንደማይወለድ ያስተማሩ ሊቅ ናቸው። እኛም በባዮሎጂ ክፍል የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ ስናይ የምንሰማው ትምህርት ይኸው ነው። በፖለቲካ ደግሞ የቢስማርክ ተቃዋሚ ነበሩ፤ በ1865 ቢስማርክ እስከ መጋደል ድረስ ጠርቷቸው ነበር። ስለዚህ ለአልጋ ወራሹ ክፉ የሚመኙ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም ፍሬድሪክ ቢነግሡ ደስ ከሚላቸው አንዱ እሳቸው ነበሩ።

የመጀመሪያው ቁራጭ በጣም ትንሽ ነበርና ፊርኾ የመቆጣት ምልክት ብቻ አገኙበት፤ ተጨማሪ ሥጋም ፈለጉ። በሜይ 23 ማኬንዚ ሞክረው አልሆነላቸውም። በጁን 8 ግን ተለቅ ያለ ሥጋ አወጡ። ፊርኾም ተመልክተው የላይኛው ሽፋን ወፍሮ እንደ ኪንታሮት ሆኗል፤ ነቀርሳ ግን አላየሁበትም ሲሉ ጻፉ። በጁን 28 በሎንዶን ሌላ ቁራጭ ወጣ፤ መልሱም ያው ሆነ። አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ልብ በል። ፊርኾ በጁን ወር በጻፉት ጽሑፍ ላይ ይህ ፍርድ በእጄ ስላለው ሥጋ ነው እንጂ የቀረው በሽታ ሁሉ እንደዚህ ስለ መሆኑ ከዚህ ቁራጭ ተነሥቶ በእርግጥ መናገር አይቻልም የሚል አሳብ ጨምረው ነበር። ይህን መጨረሻውን ብዙ ሰው አላነበበውም። ማኬንዚ ደስ አላቸው፤ ልዕልቲቱ አለቀሱ፤ ጋዜጦች አልጋ ወራሹ ዳኑ ብለው ጻፉ።

እዚህ ላይ የፍሬድሪክን ታሪክ ትንሽ ላቁምና ፊርኾ ምን እንዳዩ፣ ምንስ እንዳላዩ ለመግለጽ ልሞክር። የድምፅ አውታር የተሸፈነበት ሥጋ በመሶብ እንደ ተነባበረ እንጀራ ነው። ስስ ስስ የሆኑ ሕዋሳት አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ይኖራሉ። አዲስ ሕዋስ ከታችኛው ንብር ይወለድና እያደር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ሲደርስ ጠፍጥፎ ይረግፋል። ጢስ ወይም ሌላ ነገር ዘወትር ሲያስቆጣው ይወፍራል፤ ይህም የገበሬ መዳፍ በማረሻ እንደሚጠነክር ያለ ነው። መወፈር ብቻውን ነቀርሳ አይደለም። ነቀርሳ የሚባለው የተበላሹት ሕዋሳት የመሶቡን ወለል ቀድደው ወደ ታች ሲገቡ ነው። እንግዲህ መቆንጠጫው ከላይ ያሉትን ጥቂት እንጀራዎች ብቻ ይዞ ከወጣ የመሶቡ ወለል መቀደዱን ከእነሱ ማን ሊያውቅ ይችላል? በ1948 ሎረን አከርማን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ገጽታው ኪንታሮት የሚመስል፣ ከላይ ሲታይ ደኅና፣ ከሥር ግን የሚገፋ ነቀርሳ እንዳለ ገልጠዋል። ከዚያ ወዲህ የፍሬድሪክን ነገር የመረመሩ አንዳንድ ሐኪሞች የእሳቸውም በሽታ የዚህ ወገን ሳይሆን አልቀረም ይላሉ።

ፊርኾ የጠየቁት ጥያቄ ሕዋሱ ምን ይመስላል የሚል ነበር። ሌላ ጥያቄ ለመጠየቅ መሣሪያው አልነበረም። የዛሬ ሊቃውንት ግን ሕዋሱ ምን ደርሶበታል ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱንም የሚፈልጉት የሞለኪውል ምልክት በሚሉት ነገር ነው። በሕዋስ ውስጥ ዘረ መል አለ፤ እሱም ለሕዋሱ ሥራ ትእዛዝ የሚሰጥ ነው። ከነዚህ ዘረ መሎች አንዱ ፒ 53 የሚባለውን ፕሮቲን ያሠራል። በ1979 የታወቀው ይህ ፕሮቲን የዘበኛ ሥራ አለው፤ ዘረ መሉ የተጎዳ ሕዋስ እንዳይባዛ ያግዳል፣ ካልታረመም እንዲሞት ያደርጋል። የትምባሆ ጢስ ብዙ ጊዜ ይህን ዘበኛ ያበላሸዋል። የፍሬድሪክን ፒፓ ያነሣሁት ለዚህ ነው። የእሳቸው በሽታ ከፒፓዋ መጣ ብሎ በእርግጥ የሚናገር ሰው የለም፤ ትምባሆ ግን የማንቁርት ነቀርሳ ዋና ምክንያት መሆኑ ዛሬ የታወቀ ነው።

የተበላሸው ፒ 53 ብዙ ጊዜ በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ የሥጋው ስስ ቁራጭ ከዚህ ፕሮቲን ጋራ ብቻ በሚጣበቅ መድኃኒት ሲነከር አስኳሎቹ ቡናማ ሆነው ይታያሉ። አንዳንዴም ፕሮቲኑ ጨርሶ ይጠፋና ቡናማነት የሚባል ነገር አይታይም፤ ይህም ራሱ ምልክት ነው። ሌላው ዘበኛ ፒ 16 ይባላል፤ ትእዛዙ በ9ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ ነው። ይህ ክንድና የ3ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ በአፍና በጉሮሮ ነቀርሳ ላይ ገና ከጅምሩ ይጎድላሉ። በ1996 በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ያሉ ሐኪሞች ደኅና ሥጋ ደረጃ በደረጃ ወደ ነቀርሳ ሲሄድ እነዚህ ጉድለቶች በየትኛው ደረጃ እንደሚደርሱ ለማሳየት ችለዋል። በአፍ ውስጥ የሚወጣ ነጭ ንጣፍም እነዚህ ክንዶች ከጎደሉበት ካልጎደሉበት ይልቅ ወደ ነቀርሳ የመለወጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። በቶንሲል በኩል የሚነሣው ነቀርሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሂዩማን ፓፒሎማ ከሚባለው ቫይረስ ይመጣል፤ በዚያ ላይ ፒ 16 በመጉደል ፈንታ እጅግ በዝቶ ስለሚገኝ ሐኪሞች የበሽታውን ወገን በእሱ ይለያሉ።

ከሁሉ ይበልጥ እኔን የገረመኝ ግን ይህ ነው። በ1953 አሜሪካውያን ሐኪሞች ከነቀርሳው ዳርና ዳር ያለው፣ በዓይን ደኅና የሚመስለው ሥጋ ጭምር የተለወጠ መሆኑን አስተዋሉ። እርሻው ሁሉ ታምሟል፤ አረሙ የበቀለው ግን በአንድ ጥግ ነው እንደ ማለት ነው። ይህ እውነት ከሆነ መቆንጠጫው የነቀርሳውን ሥር ባያገኘው እንኳ ከላይ የተነሣው ሥጋ ጉዳቱን በዘረ መሉ ይዞት ሊሆን ይችላል። ፊርኾ በጁን ወር በመስተዋት ጠርሙስ ላይ ዘርግተው ያዩት ቁራጭ፣ ለዓይናቸው የወፈረ ቆዳ ብቻ የነበረው፣ ምናልባት የሚመጣውን ነገር ይዞ ነበር። የሚያነበው መሣሪያ ከመገኘቱ በፊት ግን 100 ዓመት ያህል ማለፍ ነበረበት።

ይህን ስል የዛሬው ምልክት የማይሳሳት ነው ማለቴ አይደለም። ፒ 53 የተበላሸበት ሥጋ ሁሉ ወደ ነቀርሳ አይለወጥም፤ ያልተበላሸበትም አንዳንዱ ይለወጣል። በማንቁርት ላይ የሚወጣውን የተጠረጠረ ሥጋ ብቻውን ሊፈርድበት የሚችል አንድ ምልክት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስለዚህ ሐኪሞች አሁንም መጀመሪያ የሚያዩት ፊርኾ ያዩትን፣ ማለት የሕዋሱን መልክ ነው። እዚያም ላይ አንዱ ሐኪም ዝቅተኛ ለውጥ ያለውን ሌላው ከፍተኛ የሚልበት ጊዜ ስለ በዛ በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት ለማንቁርት ያወጣው መለያ ደረጃዎቹን ወደ ሁለት ብቻ ዝቅ አድርጓቸዋል። ጥርጣሬ ሲኖርም ጥልቅ ቁራጭ እንደገና ይወሰዳል።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። በጁን 21 ቀን 1887 ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሡበት 50ኛ ዓመት በሎንዶን ሲከበር ፍሬድሪክ ነጭ የጦር ልብስ ለብሰው፣ ንስር ያለበት የራስ ቍር ደፍተው በፈረስ አለፉ። የሎንዶን ሕዝብ እጅግ አደነቃቸው። ያን ጊዜ ድምፃቸው ከሹክሹክታ አያልፍም ነበር። ከዚያ ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ ቲሮል፣ ወደ ቬኒስ እያሉ ሞቃት አየር ፍለጋ ተዘዋወሩ፤ በኖቬምበር ሳን ሬሞ በምትባል የጣልያን የባሕር ዳር ከተማ ተቀመጡ። ማኬንዚ በዚያው ወር መጀመሪያ መጥተው ቢያዩ ከድምፅ አውታሩ በታች አዲስ እባጭ ወጥቷል፤ መልኩም ከቀድሞው የተለየ ነው። አልጋ ወራሹ ነቀርሳ ነውን ብለው ጠየቁ። ማኬንዚም ይመስላል ብለው መለሱ። ፍሬድሪክ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና እውነቱን ስለ ነገሯቸው ሐኪሙን አመሰገኑ።

ከቪየናና ከበርሊን የመጡ ሐኪሞች በአንድነት ተመልክተው ነቀርሳ ነው አሉ። ማንቁርታቸው በሙሉ ይውጣ ወይስ ይቅር የሚለውን ለራሳቸው ተዉላቸው። እሳቸውም ይቅር ብለው በጽሑፍ መለሱ፤ መተንፈስ ካቃተኝ ብቻ አንገቴ ይበሳ አሉ። በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1888 መተንፈስ አቃታቸውና የቤርግማን ረዳት የነበረው ወጣት ሐኪም ብራማን አንገታቸውን በስቶ ቱቦ አገባ። ከዚያን ቀን ወዲህ ፍሬድሪክ ድምፅ አውጥተው አልተናገሩም። የሚፈልጉትን በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፉ ነበር።

በማርች 9 አባታቸው በ90 ዓመታቸው ሞቱ። ቴሌግራሙ ሳን ሬሞ ሲደርስ አዲሱ ንጉሠ ነገሥት መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የጥቁር ንስር ኒሻናቸውን ከራሳቸው አውልቀው በሚስታቸው ላይ ማድረግ ነው። በማግሥቱ ባቡር ተሳፍረው በበረዶ ውስጥ ወደ በርሊን ተጓዙ። የአባታቸው አስከሬን ሲያልፍ ከሻርሎተንቡርግ ቤተ መንግሥት መስኮት ሆነው ተመለከቱ እንጂ ለመከተል አልቻሉም። በዚያው ወር ፕሮፌሰር ቫልዳየር ከጉሮሮ የወጣውን ሥጋ መርምረው ነቀርሳ አገኙበት። በማይክሮስኮፕ ያለ ጥርጥር የታየው ያን ጊዜ ነው፤ ጊዜው ግን አልፏል።

27 ዓመት የታሰበበት አገዛዝ በ99 ቀን ምን ሊሠራ ይችላል? ቢስማርክን ለመሻር አልቻሉም። በጁን 8 ግን የአገር ግዛት ሚኒስትሩን ፑትካመርን ሻሩ፤ ከአገዛዛቸው የሚጠቀስ ሥራ ይህ ነው። በሜይ መጨረሻ ልጃቸው ሃይንሪሽ ሲያገባ ሙሉ የጦር ልብስ ለብሰው በተክሊሉ ላይ ተገኙ፤ በቱቦው የሚገባው የትንፋሻቸው ድምፅ በጸሎት ቤቱ ውስጥ ይሰማ ነበር ይባላል። በጁን 1 በወንዝ ጀልባ ወደ ተወለዱባት ወደ ፖትስዳም ተወሰዱ። እዚያም በጁን 15 ቀን 1888 በ56 ዓመታቸው ሞቱ።

ልጃቸው ዊልሄልም ሁለተኛ ወዲያው ቤተ መንግሥቱን በወታደር አስከበበና የአባቱን ወረቀቶች አስፈለገ። እናቱ የአስከሬን ምርመራ እንዳይደረግ ለምነው ነበር፤ አልሰማቸውም። በማግሥቱ አስከሬኑ ሲመረመር ማንቁርቱ በነቀርሳ ተበልቶ ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ። ፊርኾም በዚያ ቆመው ነበር። በዚያች ሰዓት ምን እንዳሰቡ አልጻፉም።

ከዚያ በኋላ ጠቡ በሐኪሞች መካከል ሆነ። ጀርመናውያኑ ቤርግማን በሜይ 21 ቢቆርጧቸው ኖሮ ይድኑ ነበር ብለው መጽሐፍ አሳተሙ፤ ማኬንዚም በዚያው ዓመት የራሳቸውን መጽሐፍ አውጥተው መለሱ። መጽሐፋቸው የሐኪም ምስጢር ገልጧል ተብሎ በገዛ አገራቸው ተነቀፉ፤ በ1892 ሞቱ። ፍሬድሪክ በሕይወት ቢቆዩ ኖሮ የ1914ቱ ጦርነት ባልመጣ ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ይህን ያህል አልደፍርም፤ ቢስማርክም፣ ሠራዊቱም፣ ልጃቸውም እዚያው ነበሩ። በሜይ 21 የታሰበው ቀዶ ጥገናስ ያድናቸው ነበር ወይ? በዚያን ዘመን ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ በሽታው የሚመለስበት ብዙ ነበር። ዛሬ በድምፅ አውታር ላይ ገና ሳይስፋፋ የተገኘ ነቀርሳ በጨረር ወይም በሌዘር ሲታከም አብዛኛው በሽተኛ ይድናል፤ ኤክስ ሬይ ግን የተገኘው ፍሬድሪክ ከሞቱ 7 ዓመት በኋላ በ1895 ነው።

እቴጌ ቪክቶሪያ ባላቸውን በፖትስዳም ካስቀበሩ በኋላ በክሮንበርግ ቤት አሠርተው በባላቸው ስም ፍሬድሪክስሆፍ አሉት። በ1901 እዚያው ሞቱ። እሳቸውንም የገደላቸው ነቀርሳ ነው፤ በጡታቸው ጀምሮ ወደ አከርካሪያቸው ገባ። 60 ዓመታቸው ነበር።